ከጅማ ወደ ኤርታሌ በጥር፦ ውሃ፣ ጎማና ጭስ

ሂርማታ፦
ሰላም ናችሁ? በጥር መጀመሪያ ስድስት ሆነን ከጅማ ወደ ኤርታሌ ሰንሰለት ልንወጣ ነው። በረሃው ውስጥ ሦስት ቀን እንቆያለን፤ ሁለት ላንድክሩዘር አለን። ስንት ውሃ እንያዝ? እሳተ ገሞራው አፍ ድረስስ አሁን ይወጣል?

ስኮርታ፦
ወሩ ጥሩ ነው። ለመጠጥ ብቻ በቀን ለአንድ ሰው 6 ሊትር ያዙ፤ በጠቅላላው 108 ሊትር ይሆናል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስድስት፣ ለማብሰያና ለራዲያተር ሌላ ሁለት። በሁለቱም መኪና እኩል ጫኑት፤ አንዱ ቢቆም ውሃው ሁሉ እዚያ እንዳይቀር። በደረቅ አየር ላብ ወዲያው ስለሚተን፣ የጅማን አየር የለመደ ሰው ምን ያህል ውሃ እንዳጣ አይታወቀውም። ባዶ ውሃ ብቻ መጋትም ያደክማል፤ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (ውሃ ለጠማው ሰውነት የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) በ1 ሊትር በጥብጡ። ቡና ይዛችሁ እንደምትሄዱ የታወቀ ነው፤ ከ6 ሊትሩ ግን አይቆጠርም።

አሸዋ ላይ የጎማውን ንፋስ ወደ 18 ፒኤስአይ አውርዱ፤ የላቫው ድንጋይ ሲጀምር መልሳችሁ ንፉ። የላላ ጎማ ጎኑ ስለሚወጣ ድንጋዩ ይሰነጥቀዋል፣ ጎኑ የተቀደደ ደግሞ አይለጠፍም። በየመኪናው ሁለት ስኮርታ ይኑር።

ጥቁር ድንጋይ፦
ስለ አፉ፦ ኤርታሌ ሐምሌ 2017 ፈንድቷል። በሰንሰለቱ ደቡብ ጫፍ ያለው ሃይሊ ጉቢ ደግሞ ኅዳር 14 ቀን 2018 ፈንድቶ አመዱ በአቅራቢያው ያለችውን የአፍዴራ ከተማ አልብሷል፣ ቀይ ባሕርንም ተሻግሯል። ስለዚህ የድሮ ፎቶና የድሮ ጂፒኤስ አትመኑ። ሰመራ ላይ ጠይቁ፤ አፋሩ መሪያችሁ «ዛሬ አይሆንም» ካለ ክርክር የለም።

ከተፈቀደ በማታ ውጡ። ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ነው፤ ሰው የሚጥለው ዳገቱ ሳይሆን ፀሐይ ያጋለው ጥቁር ድንጋይ ነው። አዲስ ላቫ ከላይ ደርቆ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ስለሚችል መሪው በረገጠበት ብቻ ርገጡ። ጭሱ ውስጥ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አለ፤ ነጠላም ሆነ የኮቪድ ማስክ አያግደውም። ለአሲድ ጋዝ የተሠራ ካርትሪጅ (ማጣሪያ) ያለው ማስክ ያስፈልጋል፤ ነፋሱም ከጀርባችሁ ይሁን። አስም ያለበት ሰው አይውጣ።

ሂርማታ፦
አንዱ ጓደኛችን አስም አለበት። እሱ ምን ያድርግ?

ጥቁር ድንጋይ፦
አፍዴራ ይጠብቃችሁ። የአፍዴራ ሐይቅ ጨዋማ ነው፣ ዳሩ ላይ ፍልውሃና ዘንባባ አለ። ፍልውሃው ሲፈልቅ ስለሚያቃጥል ከምንጩ ራቅ ብሎ በእጁ ሞክሮ ይግባ። ከሐይቁ ሲወጣ ለመታጠቢያ ሌላ ጀሪካን ጨምሩለት፤ ጨው ላይ ፀሐይ ሲወጣበት ቆዳ ይሰነጠቃል።