«ማንም ያልደፈረው የሐበሻ ንጉሥ» የምትሉት ስንት መድፍ ይተኮስለት ነበር?

አንበሳው፦ ያ ጽሑፍ ዛሬም ይዞራል፤ «ሕንድ ውስጥ ማንም ያልደፈረው የሐበሻ ንጉሥ እስከ 1948 ነገሠ» ይላል። በእናታችሁ! በምዕራብ ሕንድ ባሕር ዳር ያለው የጃንጂራ ደሴት ምሽግ በማራቶች (በጎረቤቶቹ የሂንዱ ኃያላን) አልተያዘም፣ እሺ። የማራቶቹ ንጉሥ ሳምባጂ ከባሕሩ ዳር እስከ ደሴቱ ድንጋይ ሊደለድል ጀምሮ አቅቶታል። በእንግሊዝ ዘመን ግን ናዋቡ (የጃንጂራው ሙስሊም ገዢ) ምኑ ነው ንጉሥ? (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ወለላ፦ ግብር አልከፈለማ! ስንቱ ራጃ በየዓመቱ ሲገብር ከጃንጂራ አንዲት ሩፒ አልወጣችም።

አንበሳው፦ በ1834 የቦምቤይ እንግሊዝ መንግሥት «ከእኛ በታች ናችሁ» ብሎ አወጀ፤ የገንዘብ ማተሚያቸውንም ዘጋ። አቤት ያልተደፈረ!

ወለላ፦ ማተሚያው የተዘጋው ገንዘቡ ስለተበረዘ ነው።

አንበሳው፦ ሰበብ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? በ1868 ገደማም ፖሊሱ ተበላሸ ተብሎ የእንግሊዝ ፖለቲካ ወኪል ተቀመጠበት። የወንጀል ዳኝነት ከናዋቡ እጅ ወጣ። ሌባ መቅጣት የማይችል ንጉሥ!

ባሻ፦ እስከዚያ ድረስ ግን ወኪል የሚባል አልነበረም። 34 ዓመት ሙሉ በውስጥ ጉዳዩ ማን ገባበት? እሱን ዘለልከው።

ቆጣሪው፦ ክርክሩን መድፍ ይፍታው። እንግሊዝ ለሕንድ መሳፍንት እንደየማዕረጋቸው የሰላምታ መድፍ ይተኩስላቸው ነበር። ላይኛው 21 ነበር፤ ሃይደራባድ፣ ማይሶር፣ ባሮዳ፣ ጓልየር፣ ካሽሚር። ከዚያ 19፣ 17፣ 15፣ 13፣ 11፣ 9 እያለ ይወርድ ነበር፤ ከዚያ በታች ጭራሽ የማይተኮስላቸው መዓት ነበሩ። ጃንጂራ 11 ነበር። «ልዑልነትዎ» መባል በደንቡ የሚጀምረው ከ11 ስለነበር ለጥቂት አመለጠ። ሱራት አጠገብ ያለው የሳቺን ናዋብ እንደ ጃንጂራው ያው የሲዲ (ከአፍሪካ ሕንድ የገቡ ሰዎች) ዘር ነው፤ 9 ስለነበር ቀረበት። ጭማሪ ሲሰጥም በሰውየው ዕድሜ ብቻ፣ ወይም በገዛ ግዛቱ ውስጥ ብቻ እንዲተኮስ ሊሆን ይችል ነበር። ያስቀየመ ደግሞ ይቀነስበት ነበር።

የባሕር ልጅ፦ ምሽጉን የሠራው ሕንድ የገነነው ሐበሻ ማሊክ አምባር መሆኑን ማንም አላነሳም?

ቆጣሪው፦ ወይ ጉድ። ማሊክ አምባር የአሕመድናጋር (የሌላ ሱልጣን ግዛት) ሰው ነው፤ በ1626 ሞተ፤ ከተማው ኋላ አውራንጋባድ የተባለችው ኻድኪ ናት። ሐበሻ ሁሉ አንድ ሰው ነው እንዴ?

የባሕር ልጅ፦ ታዲያ ሲዲዎቹ ከየት መጡ ልትል ነው?

ቆጣሪው፦ ከብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ወደብ። ሁሉንም ጎንደሬ አታድርጋቸው።

አንበሳው፦ ወደ ነገሩ እንመለስ። ወራሽ ያለ እንግሊዝ ዕውቅና አይጸናም ነበር። ሲዲ አሕመድ ኻን በ1879 በልጅነቱ ተተካ፤ ለመሳፍንት ልጆች በተከፈተው የራጅኮት ኮሌጅ ተማረ፤ ሙሉ ሥልጣን ያገኘው በ1883 ነው። ያልተደፈረ ንጉሥ ፈቃድ ጠብቆ ይነግሣል?

ወለላ፦ በ1922 እሱ ሲሞት ግን እናቲቱ ኩልሱም ቤገም በልጇ ስም እንደራሴ ሆና እስከ 1933 አስተዳደረች። የቤተ መንግሥቱ ሴት ናት እንጂ ከለንደን የመጣ ሹም አይደለም!

ባሻ፦ ሁለታችሁም ሕዝቡን ረሳችሁት። በ1901 ቆጠራ 85 ሺህ ያህል ነው፤ አብዛኛው ማራቲ ተናጋሪ ሂንዱ። ሲዲው ጥቂት መቶ ነበር። ለዚያ ገበሬ ናዋቡም ባዕድ፣ እንግሊዙም ባዕድ።

ወለላ፦ ጋሽ ባሻ፣ አሁን ደግሞ የራሳችንን ሰዎች ቅኝ ገዢ ልታደርግ ነው?

ባሻ፦ «የራሳችን» ያልሽው ሦስት መቶ ዓመት ኮንካን (ያ የሕንድ ባሕር ዳር) የኖሩትን ነው?

አንበሳው፦ በ1948 ጃንጂራ ወደ ቦምቤይ ሲቀላቀልስ ስንት ጥይት ተተኮሰ? ወለላ ትመልስ።

ወለላ፦ አንተ መጀመሪያ የግብሩን መልስ።