ባቲ የለመደ ጆሮ የትኛውን ጊታር ይስማ? ከደሴ የተጻፈ ጥቆማ

ሰሞኑን አንድ የኮምቦልቻ ልጅ «አንተ የፈረንጅ ሮክ ትሰማለህ አሉ። አዲስ ምን አለ? ከየት ታመጣዋለህ? በምንስ ትሰማዋለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። በሁለት መስመር ልመልስለት ነበር። አልሆነም። ከጻፍኩ አይቀር ለሁላችሁም ይሁን ብዬ ነው።

እኔ የምሰማው በተለይ ኢንዲ ሮክ የሚባለውን ነው። ድሮ በትልልቅ ኩባንያዎች ሳይሆን በትንንሽ አሳታሚዎች ወይም በራሳቸው አልበም የሚያወጡ ባንዶች ሙዚቃ ነበር። አሁን ስሙ የድምፅ ስም ሆኗል። ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ብዙም ያልተወለወለ ድምፅ።

«ለእኛ ጆሮ አይሆንም» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ አልስማማም። የሮክ ጊታር የሚማር ልጅ መጀመሪያ አካባቢ ከሚያጠናቸው ስኬሎች (የድምፅ መደዳዎች፣ በእኛ ቅኝት እንደምንለው) አንዷ ባለ አምስት ድምፅ ናት። ከላ ብትነሱ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። ይቺ እኮ ባቲ ማይነር ናት! ሰኞ ሰኞ ገበያ የምንወርድባት ባቲ ስሟን ለቅኝት ሰጥታ፣ እኛ ቅኝቱን በሌላ ሰው ጊታር ስንሰማ «የፈረንጅ ነው» እንላለን። እኔ አልበም የምመርጠው በዚህ ጆሮ ነው፤ ምርጫዬ ካልጣማችሁ ምክንያቱን አውቃችሁታል።

አንድ ብቻ ጫን ካላችሁኝ ምዱ ሞክታር ነው። የኒጀር ሰው፣ ቱዋሬግ ከሚባለው የሰሃራ ሕዝብ፣ ግራኝ ጊታሪስት። ልጅ ሳለ ጊታር ስላልነበረው በእጁ ሠራ፤ ለክር የተጠቀመው የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው። የመጀመሪያ ዘፈኖቹም በሬዲዮ አይደለም የታወቁት። በሰሃራ ዙሪያ ከሞባይል ወደ ሞባይል፣ ከሚሞሪ ካርድ ወደ ሚሞሪ ካርድ እየተገለበጡ ነው። በእኛ 2014 ደሴ ኔትወርክ ጠፍቶ ካርድ የተቀባበለ ሰው ይሄን ሲሰማ ፈገግ ይላል።

በፈረንጆቹ ግንቦት 2024 «ፊውነራል ፎር ጀስቲስ» የሚል አልበም አወጣ። የፍትሕ ቀብር እንደማለት ነው። ፈጣን፣ የተናደደ፣ ጊታሩ የሚጮህ። በፈረንጆቹ 2023 ኒጀር ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ባንዱ አሜሪካ ለሥራ ወጥቶ ነበር፤ ወደ ሀገር መግቢያ ጠፋ። በኋላ ያንኑ አልበም ኤሌክትሪኩን ነቅለው፣ ቁጭ ብለው፣ በቀስታ እንደገና ቀረጹት። በ2025 መጀመሪያ «ቲርስ ኦፍ ኢንጀስቲስ» ተብሎ ወጣ። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ብትሉኝ ሁለተኛው። የመጀመሪያው ላይ ንዴቱን ነው የምትሰሙት። ሁለተኛው ላይ ሐዘኑን። ሁለቱንም ጫኑና አንዱን ዘፈን በሁለቱም መልክ አከታትላችሁ ስሙት።

አንድ ቀን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ሾፌሩን ለምኜ አስከፈትኩት። ትንሽ ሰማና «ይሄ ሰውዬ የአፋር ነው የሱዳን?» አለኝ። ኒጀር አልኩት። «ታዲያ ባቲን ማን አስተማረው?» ሁሉም ዘፈን ባቲ ነው አልልም። ሾፌሩ ግን የጆሮ ችግር የለበትም።

ቀጥሎ ዘ ኪውር። የቆዩ እንግሊዞች ናቸው፤ ኢንዲ አይደሉም ብላችሁ እንዳትከራከሩኝ። «ሶንግስ ኦፍ ኤ ሎስት ወርልድ» በፈረንጆቹ ኅዳር 2024 ሲወጣ ከ2008 ወዲህ የመጀመሪያ አልበማቸው ነበር። ስምንት ዘፈን ብቻ። የመጀመሪያው ላይ ዘፋኙ አፉን የሚከፍተው ከሦስት ደቂቃ በላይ ከተጠበቀ በኋላ ነው። የመጨረሻው አሥር ደቂቃ ያልፋል። ጓደኛዬ «ዘፋኙ ረስቶት ነው እንዴ?» ብሎ ቀየረው። ትዝታ ከመግባቱ በፊት ክራሩ ብቻውን ሲንከራተት መስማት የሚወድ ሰው ግን ይታገሣል። የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን፣ ማታ፣ ጋቢ ለብሳችሁ ሞክሩት።

ዋክሳሃቺ የምትባል የአላባማ ልጅ አለች። «ታይገርስ ብለድ»፣ 2024። ለስላሳ ነው፤ ለእናታችሁም ማሰማት ትችላላችሁ። «ራይት ባክ ቱ ኢት» የሚለው ዘፈን ላይ ባንጆ አለ፤ ክራር የሚወድ ጆሮ ቶሎ ይያዛል። የደብሊኖቹ ፎንቴንስ ዲሲ «ሮማንስ»ም የዚያው ዓመት ነው፤ የመጨረሻውን ዘፈን «ፌቨሪት»ን ስሙ፣ ሌላው እንደየስሜታችሁ። የኒውዮርኮቹ ጊስ በ2025 «ጌቲንግ ኪልድ» የሚል አወጡ። ብዙ ሰው አደነቀው። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ የሚጮኹት ጩኸት ግን አከራዬን በሌሊት አስነሥቶብኛል። በኢርፎን ብቻ!

ከሀገር ውስጥ ደግሞ የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ዘልላችሁ ወደ ፈረንጅ አትሂዱ። በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ስለሆነ አዲስ አይደለም። አራት ድምፃውያን ከከባድ ጊታር ጋር በአማርኛ መስማት ግን አሁንም ብርቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ከየት ይገኛል?

እዚህ ደሴ ፒያሳና መናኸሪያ አካባቢ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች አሉ። የወሎ ዘፈን፣ መንዙማና ነሺዳ ከፈለጋችሁ ከእነሱ የሚበልጥ የለም፤ እኔ የትም ያላገኘሁትን የድሮ የኪነት ቅጂ ከነሱ አግኝቻለሁ። ለሮክ ግን አይሆኑም። ጊታር ያለበት የፈረንጅ ዘፈን በሙሉ «ስሎው» የሚል ፎልደር ውስጥ ነው የሚገባው። ደግሞ ካርድ ላይ ብዙ እንዲይዝላቸው ጥራቱን ይቀንሱታል።

ቴሌግራም ይሻላል፣ ፋይሉ መጠኑን ስለሚያሳይ። የአራት ደቂቃ ዘፈን 9 ሜጋ ተኩል አካባቢ ከሆነ ጥራቱ 320 (ኪሎቢት በሰከንድ) ነው ማለት ነው። 4 ሜጋ ካልሞላ 128 ነው፤ እለፉት። ዝቅተኛውን አስፍቶ 320 ብሎ የሚለጥፍ ሰውም አለ። የድራሙን ሲምባል (የብረቱን ሳህን) ስሙ፤ ውሃ ውስጥ ያለ ከመሰላችሁ ተበልታችኋል። ቴሌግራም ላይ ሙዚቀኛው አምስት ሳንቲም እንደማያገኝም እወቁ። እኔም አወርዳለሁ፣ ጻድቅ ልሁን አላልኩም።

ባንድካምፕ የሚባለው ድረገጽ ላይ ብዙ የኢንዲ አልበም ሳትገዙ በብራውዘር መስማት ትችላላችሁ። ለመግዛት የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ያስፈልጋል፤ ውጭ ዘመድ ያለው ሰው ከጫማ ይልቅ አልበም ያስልክ። ድረገጹ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው 15 በመቶ ነው፤ አብዛኛው ለባለቤቱ ይደርሳል። ዩቲዩብ ለመቅመስ ጥሩ ነው፤ የምስሉን ጥራት ዝቅተኛው 144 ላይ አድርጉት፣ ጥቅላችሁ አያልቅም። እኔ መጀመሪያ ዩቲዩብ ላይ እቀምሳለሁ፣ ከወደድኩት በሌሊት ጥቅል አወርዳለሁ።

ካርድ ስትገዙ ተጠንቀቁ። እኔ 64 ጊጋ የሚል ገዝቼ 8 እንኳ ሳይሞላ የመጀመሪያዎቹ አልበሞች መከፈት እምቢ አሉ። ስልኩ 64 ይላል፤ ውስጡ ውሸት ነው። ሻጩም «ስልክህ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ትልልቅ ፊልም እስከ አፉ እሞላበትና የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ከፍቼ አያለሁ። ሁለቱም ከሠሩ ካርዱ ሰው ነው።

ለመስሚያ ባለ ገመዱን ኢርፎን እመርጣለሁ። በተመሳሳይ ዋጋ ከብሉቱዙ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል፣ ቻርጅም አይፈልግ። ሰኞ ገበያ የሚሸጡት የታወቀ ስም የተለጠፈባቸው ስፒከሮች ለሠርግ ይሆናሉ። ቤዙ ይደልቃል፣ ጊታሩ ግን ሥሩ ይቀበራል። ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ዘፈን አስከፍቱ፤ ሻጩ የሚከፍትላችሁ ሁልጊዜ ስፒከሩን የሚያሳምረውን ነው።

ጊታር ለመግዛት ለጠየቃችሁኝ፣ አብሽሩ፣ ቤት ክራር ካለ ይበቃል። ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ላይ ቃኙት፣ ስድስተኛ ክር ካለው ላይኛዋን ላ ስጡት። ከምዱ ሞክታር ቀስ ያለውን አልበም ክፈቱና አብራችሁ ሞክሩ። ቃናው ካልገጠመ ሁሉንም ክር እኩል ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉት።

የኮምቦልቻው ልጅ፣ ቅዳሜ ደሴ ከወጣህ ካርድህን ይዘህ ና። የምዱ ሞክታርን ሁለቱንም አልበም እጭንልሃለሁ። መጀመሪያ ግን ካርዱን እፈትሻለሁ።