የ1868ቱ የጆርጂያ ምክር ቤት፦ ጥቁር ተመራጮቹ እንዴት ተባረሩ?

ታሪክ ክበብ፣ ባሕር ዳር፦
ጤና ይስጥልኝ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ጆርጂያ ውስጥ የተመረጡ ጥቁሮች ከምክር ቤት የተባረሩበትን ጉባኤ በትወና ልናሳይ ነው። ልጆቹ ነጮቹ በጉልበት ሲያስወጧቸው አድርገው ጽፈውታል። ልክ ናቸው? በኋላስ እንዴት ተመለሱ?

ዓባይ ማዶ፦
በጉልበት ሳይሆን በድምፅ ብልጫ ነው፤ ክፋቱም እሱ ነው። የጆርጂያ አዲሱ ሕገ መንግሥት ለጥቁሮች የመምረጥ መብት ሰጥቷል፤ ሥልጣን መያዝ ይችላሉ የሚል ቃል ግን በግልጽ አልሰፈረበትም። በዚህ ቀዳዳ ገብተው «ትመርጣላችሁ እንጂ አትመረጡም» አሏቸው። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1868፣ 25 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ተባረሩ፤ ሴኔቱም በዚያው ወር ተከተለ። መልካቸው ቀላ ያሉ አራት ሰዎች ጥቁርነታቸው አከራካሪ ስለሆነ ቀሩ። እነሱን አትርሱ፤ ተመልካች ነገሩ የቆዳ ቀለም ጉዳይ መሆኑን የሚረዳው በእነሱ ነው።

ቅደም ተከተሉ፦ የውሳኔ ሐሳብ፣ ክርክር፣ ከሚባረሩት አንዱ የሆነው የሄንሪ ማክኒል ተርነር ንግግር፣ ድምፅ፣ ከዚያ መውጣት። መጨረሻ ላይ በምርጫው ሁለተኛ የወጡት ነጮች በወንበሮቹ ይቀመጡ፤ የሆነው እንደዚያ ነው። ተርነር የሚሆነው ልጅ እንዳያለቅስ። ተርነር ሰባኪ ነው፣ የጦር ሠራዊት ቄስም ነበር፤ መብቱን ጎንበስ ብሎ እንደማይለምን ፊት ለፊት ነው የነገራቸው።

ጣና ዳር፦
አመላለሱን ልጨምር። በ1869 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁር ሰው ሥልጣን መያዝ ይችላል ብሎ ፈረደ። ክሱ ግን የአንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ጉዳይ ነበርና ተባራሪዎቹን ወዲያው አልመለሳቸውም። የመለሳቸው ኮንግረስ፣ ማለትም የአሜሪካ ፌዴራል ምክር ቤት ነው፦ በዲሴምበር 1869 ጆርጂያን እንደገና በወታደር ሥር አደረጋት፤ በ1870 መጀመሪያ የወታደሩ አዛዥ ጄኔራል ቴሪ ብቁ ያልሆኑትን የቀድሞ ኮንፌደሬቶች (በጦርነቱ የደቡብ ተገንጣዮች ወገን የነበሩትን) አስወጥቶ ጥቁሮቹን ወደ ወንበራቸው መለሰ። ስለዚህ ንግግሩ እንዳበቃ በሩን አትክፈቱላቸው፤ ከዓመት በላይ ውጭ ቆይተዋል።

ዓባይ ማዶ፦
ትክክል። በዚያ መሃል የሆነውንም አሳዩ። ከተባረሩ ከሁለት ሳምንት ጥቂት በኋላ ከተባራሪዎቹ አንዱ ፊሊፕ ጆይነር እዚያው ጆርጂያ ውስጥ ከኦልባኒ ከተማ ወደ ካሚላ ከተማ ሰልፍ መራ፤ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ በእግር ከመሄድ ይበልጣል። ካሚላ ሲደርሱ ተተኮሰባቸው፤ ብዙ ሰው ሞተ። ሌላውን ተባራሪ ኤብራም ኮልቢን ደግሞ በ1869 ኩ ክለክስ ክላኖች (ጥቁሮችን የሚያሸብር የነጮች ምስጢራዊ ቡድን አባላት) ከአልጋው አውጥተው ገረፉት። ቀደም ብለው የፖለቲካ ወገኑን ቢለውጥ 5,000 ዶላር፣ ወንበሩን ቢለቅ 2,500 ሊሰጡት ጠይቀውት እምቢ ብሎ ነበር። ከዱላው በኋላ ፀጉር አስተካክሎና እንጨት አመላልሶ ይኖር የነበረ ሰው መሥራት እንዳቃተው ለኮንግረስ አጣሪዎች ቃሉን ሰጥቷል።