ትርፍ የሶላር ኤሌክትሪክ ለኩባንያው ሲሰጥ በእርግጥ ምን ያህል ይታሰባል?

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ የሶላር ሻጭ ቤታችን መጥቶ ነበር። ጣሪያችን ወደ ደቡብ የዞረና ጥላ የማያርፍበት በመሆኑ 30 ፓነል ቢተከልበት ከምንጠቀመው በእጥፍ የሚጠጋ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ፣ ትርፉን የመብራት ኩባንያው ገዝቶ በየወሩ ቼክ እንደሚልክልን፣ በዚያም ላይ ከወጪው 30 በመቶው ከፌዴራል ግብር እንደሚመለስልን አስረዳን። ባለቤቴ ወዲያው ለመፈረም ፈልጎ ነበር። እኔ ግን ውሉን ሳገላብጠው ለ25 ዓመት የሚያስር መሆኑንና ወርኃዊ ክፍያውም በየዓመቱ በ2.9 በመቶ እንደሚጨምር ስላየሁ ጥቂት ቀን እንዲሰጠን ጠየቅሁ። ሁለታችንም የምንሠራው ቀን ስለሆነ ቤቱ እስከ ማታ ባዶ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ባለችበት ሰዓት የሚመረተው ሁሉ ወደ ኩባንያው መስመር መግባቱ ነው። ይህ ኤሌክትሪክ የሚታሰብልን በምን ዋጋ ነው? ቼኩስ እውነት ነውን?

ምላሽ፦ ከጌይተርስበርግ፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ ሳይፈርሙ መጠየቅዎ መልካም ነው። እኔ ፓነል ካስተከልሁ 6 ዓመት ሆኖኛል። በእኛ ስቴት «መሸጥ» የሚለው ቃል ራሱ ሰውን ያሳስታል፤ በአብዛኛው የሚደረገው ሽያጭ ሳይሆን ማቻቻል ነው። ቆጣሪዎ የሚገባውንም የሚወጣውንም ይመዘግባል። ለምሳሌ ባለፈው ጁን የእኔ ቆጣሪ 640 ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ መስመሩ እንደወጣ፣ ማታና ሌሊት ደግሞ 410 እንደገባ አሳይቷል፤ ልዩነቱ 230 በክሬዲት ተይዞልኝ ቀኑ በሚያጥርበትና ማሞቂያው በሚበረታበት በክረምቱ ወራት ተቀናነሰልኝ። ስለዚህ ቀን ቀን ቤትዎ ባዶ መሆኑ በሜሪላንድ አይጎዳዎትም፤ ቀን የሰጡትን ማታ በዚያው መጠን መልሰው ያገኙታል።

ችግሩ የሚመጣው ዓመቱን በሙሉ ከሚጠቀሙት በላይ ሲያመርቱ ነው። ያ ትርፍ ወደ ገንዘብ ሲቀየር የሚታሰበው በኃይሉ ዋጋ ብቻ ነው፤ በቢልዎ ላይ ለማከፋፈያ መስመር የሚከፍሉት ክፍል አይጨመርበትም። ሒሳቡ የሚዘጋውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ በኤፕሪል እንጂ በየወሩ አይደለም። ስለዚህ ከፍጆታዎ እጥፍ የሚያመነጭ ጣሪያ ለሻጩ ትልቅ ሽያጭ ነው፤ ለእርስዎ ግን ግማሹ በርካሽ የሚሄድ ምርት ይሆናል። ቋሚው የደንበኝነት ክፍያም ምንም ቢያመርቱ አይቀርም።

የ30 በመቶው ነገር ደግሞ አሳዝኖኛል። ባለቤቱ ራሱ ገዝቶ ሲያስተክል ይሰጥ የነበረው ቅናሽ፣ በጁላይ 2025 በተፈረመው ሕግ መሠረት ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚወጣ ወጪ ቀርቷል። ደግሞም የገለጹት ውል የኪራይ ይመስላል፤ ኪራይ ከሆነ የግብር ጥቅሙ ድሮም ቢሆን የአከራዩ ነበር። በየ1,000 ኪሎ ዋት ሰዓቱ የሚሰጠውና በገበያ የሚሸጠው የፀሐይ ኃይል የምስክር ወረቀትም ብዙውን ጊዜ ለአከራዩ ይሄዳል። የምስክር ወረቀቱ የማን እንደሚሆን የሚናገረውን አንቀጽ ፈልገው ያንብቡት።

ምላሽ፦ ከኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ለሜሪላንድ ትክክል ነው፤ እዚህ ያሉ ወገኖቻችን ግን ለራሳቸው እንዳይወስዱት እሰጋለሁ። በካሊፎርኒያ የሦስቱ ትልልቅ የግል ኩባንያዎች ደንበኞች ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 ወዲህ ካመለከቱ የሚተዳደሩት በአዲሱ ደንብ ነው። በዚህ ደንብ ወደ መስመሩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በየሰዓቱ በሚለያይ ዋጋ ይታሰባል፤ ዋጋውም በአማካይ ከቀድሞው በ75 በመቶ ገደማ ዝቅ ያለ ነው። ከዚያ በፊት ያመለከቱት ግን በቀድሞው ስሌት ለ20 ዓመት ይቆያሉ። እኔና ጎረቤቴ አንድ ዓይነት ፓነል በአንድ ዓይነት ጣሪያ ላይ አለን፤ እሱ በጊዜ በማመልከቱ ብቻ ክሬዲቱ ከእኔ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ እኔ ባትሪ ጨመርሁ። የቀኑን ምርት አጠራቅሜ ኤሌክትሪክ በሚወደድበት ከቀትር በኋላ ከ10 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሴ እጠቀምበታለሁ። የሎስ አንጀለስ ከተማ ነዋሪዎች የከተማዋ የራሷ የመብራት መሥሪያ ቤት ደንበኞች ስለሆኑ ይህ ደንብ አይመለከታቸውም።

ምላሽ፦ ከፍራንክፈርት

እውነተኛ ሽያጭ የሚባለው የጀርመኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ሕግ መሠረት ወደ መስመሩ ለገባው ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የተቆረጠ ዋጋ ለ20 ዓመት ይከፈላል። ሆኖም በ2004 ለቤት ጣሪያ ከ57 የዩሮ ሳንቲም በላይ የነበረው ክፍያ ዛሬ ለአዲስ ተካይ ወደ 8 ሳንቲም ገደማ ወርዷል፤ እኛ ስንገዛ ደግሞ ከ30 ሳንቲም በላይ እንከፍላለን። ስለዚህ እዚህም የልብስ ማጠቢያውን የምንከፍተው በእኩለ ቀን ነው።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንቀጹን አገኘሁት፤ የምስክር ወረቀቶቹ በሙሉ የአከራዩ እንደሆኑ በግልጽ ተጽፏል። አንድ ነገር ልጨምር። ባትሪ ከሌለን መስመሩ ሲቋረጥ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን የእኛ መብራት ይጠፋል?

ምላሽ፦ ከጌይተርስበርግ

አዎን፣ ይጠፋል። መስመር የሚጠግኑ ሠራተኞች በኤሌክትሪክ እንዳይያዙ ኢንቨርተሩ፣ ማለትም የፓነሉን ኤሌክትሪክ ለቤት እንዲሆን የሚቀይረው መሣሪያ፣ መስመሩ ሲቋረጥ ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። ባትሪና ከመስመሩ የሚለይ ማብሪያ ማጥፊያ ካለ ግን ቤትዎ ብቻውን መሥራት ይችላል።

ጠያቂዋ፦

ገባኝ። ያለፉትን 12 ወራት ቢሎች ደምረን 7,900 ኪሎ ዋት ሰዓት ሆነ። ከሌላ ተካይ ለ16 ባለ400 ዋት ፓነሎች፣ ያለ ኪራይ፣ በግዢ ዋጋ እንዲያቀርብልን ጠይቀናል፤ ባለቤቴም የመጀመሪያውን ውል ሳይፈርም መልሷል።