አስቸኳይ፦ የበሽተኛው እባጭ ካሜራ ፊት እየቀለጠ ወረደብን፣ ምን ይሻላል?

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ቀረጻ ላይ ነን፣ ሥራው ቆሟል፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ፊልሙ አስፈሪ ኮሜዲ ነው። ስብሰባ ላይ በተቀመጡ ሠራተኞች መሐል ገዳይ ተላላፊ በሽታ ይገባል። ሰዎቹ አንድ በአንድ ይወድቃሉ፤ ሰብሳቢው ግን አጀንዳው ሳያልቅ በሩ አይከፈትም ባይ ነው። ሰብሳቢውን የሚጫወተው ልጅ ግንባሩና ጉንጩ ላይ ከጄላቲን (ጄሊ ከሚሠራበት ዱቄት) የሠራናቸው እባጮች አሉ። ትናንት ስንሞክረው ግሩም ነበር። ዛሬ መብራቱ በርቶ ጥቂት እንደቆየን ጠርዙ ተላቀቀ፣ መሐሉ ላላ፣ ከዚያ ወረደ። አንዱ ቃለ ጉባኤው ላይ ዱብ አለ። መልሰን ለጠፍነው፣ መልሶ ወደቀ። ቤቱ የተፈቀደልን እስከ ዛሬ ማታ ብቻ ነው።

ሞንታዥ፦
ቃለ ጉባኤው ላይ ሲወድቅ ካሜራው እየሠራ ነበር? ከነበረ እንዳታጠፉት! ሰብሳቢው የወደቀውን በእስክሪብቶው ገፋ አድርጎ ማንበቡን ከቀጠለ እኔ በሳቅ ሞትኩ።

የመድረክ ልጅ፦
ፓውደር። በደንብ አድርጋችሁ ፓውደር።

አቋራጭ፦
ሱፐር ግሉ የሚባል ነገር አለ እኮ። አንድ ጠብታ፣ አለቀ። ፊልሙ እስኪመረቅ ከፊቱ አይለቅም 😂

ሜካፕ ክፍል፦
ሱፐር ግሉ ፊት ላይ በፍጹም! ቆዳ ይጎዳል፣ ዓይን አጠገብ ከሆነ ደግሞ ሽፋሽፍት ያጣብቃል። አቋራጭ፣ ቀልድህ ገብቶኛል፤ ግን የቸኮለ ሰው አንብቦ ሊያደርገው ይችላል። እህቴ፣ ሦስት ነገር ንገሪኝ። ጄላቲኑን በምን በጠበጣችሁት? ሙጫው ምንድን ነው? መብራታችሁስ?

የድሮ ካሜራማን፦
ልጄ፣ ሙጫውን የሚያውቁት ይንገሩሽ፤ እኔ ስለ ዘውጉ ልናገር። አስፈሪ ኮሜዲ የሚበላሸው ተዋናዩ ቀልድ ውስጥ እንዳለ ያወቀ ዕለት ነው። ሕመሙ የእውነት መሆን አለበት። የሰብሳቢው ትኩሳት ሲወጣ፣ ከንፈሩ ሲደርቅ፣ ወረቀቱን የያዘው እጁ ሲንቀጠቀጥ ተመልካቹ ሊሰጋለት ይገባል። ሳቁ የሚመጣው ሰውዬው በዚህ ሁሉ መሐል «ወደ ሦስተኛው አጀንዳ እንለፍ» ሲል ነው። እባጩ ራሱ እንዲያስቅ ተብሎ ከተሠራ ግን ሞቱም ቀልድ ይሆናል፣ ማንም አይደነግጥም።

ደግሞም ለካሜራው ሥሩ እንጂ ለዓይን አይሁን። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው ሳይኮ በተባለው ፊልም ሻወር ቤት ውስጥ የፈሰሰው ደም የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነውና ቡናማነቱን ማን ያያል? እናንተም ጠረጴዛው በሙሉ በሚታይበት ሾት ላይ ያበጠ ነገር መለጠፍ ምን ያደርግላችኋል? በቀለም ሣሉት። ዙሪያውን ቀላ፣ አናቱን ነጣ፣ ከሥሩ በአንድ ጎን ትንሽ ጥላ። ከሩቅ ማንም አይለየውም። የሚለጠፈውን ለቅርብ ሾት ብቻ አስቀምጡት።

የመድረክ ልጅ፦
ፓውደሩን ሞከራችሁት?

ላብራቶሪ፦
ይቅርታ አድርጊልኝና እባጩ ራሱ ለምን አስፈለገ? «አንድ በአንድ ይወድቃሉ» ያልሽው በደቂቃዎች ውስጥ ከሆነ ይሄ ወረርሽኝ አይሆንም። በያዘው ቅጽበት ሰውን የሚዘርር በሽታ በሽተኛውን ከክፍሉ ሳያስወጣ ይገድልና እዚያው ይቀራል። የሚያስፈራው ድምፁን አጥፍቶ የሚቆየው ነው። ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ መተላለፍ ይጀምራል፤ ክትባት ባልደረሰበት ሕዝብ መሐል አንድ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል ተብሎ ይገመታል። ኢቦላ ደግሞ በተቃራኒው ምልክት ካልታየ አይተላለፍም፤ ምልክቱ የሚወጣው ከተያዙ ከ2 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ብዙውን ጊዜ ለሳምንታትና ለወራት ተደብቆ ይቆያል። አንዴ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። በሽተኛው ውሃ ጠምቶት ሊጠጣ ሲል ጉሮሮው ይኮማተርበታል።

ስብሰባ ላይ ውሃ አይጠፋም። ሰብሳቢው ብርጭቆውን አንስቶ መዋጥ ሲያቅተውና ቀስ ብሎ መልሶ ሲያስቀምጠው ብታሳዩኝ ከአሥር እባጭ ይበልጥብኛል። ለዚህ ሙጫ አያስፈልግም።

ጸሐፊዋ፦
ላብራቶሪ፣ የውሃውን ነገር ወደድኩት፣ ለዳይሬክተሩ አነበብኩለት። ግን እባጩን መተው አንችልም። ፊልሙ ውስጥ ያለችው የስብሰባው ጸሐፊ «ሐኪም ልጥራ?» ስትለው «ብጉር ነው፣ ይህን ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳታሰፍሪ» የሚልበት ቦታ አለ፤ ፊልሙ የቆመው በዚያ ላይ ነው። የጊዜውን ነገር በተመለከተ፣ ስብሰባው ቀናት ይፈጃል። ቀልዱም ይኸው ነው።

ጋሼ ካሜራማን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የሩቁን ሾት እንዳሉት በቀለም ልንጀምረው ነው።

ሜካፕ ክፍል፣ ጄላቲኑ በውሃ ብቻ ነው የተበጠበጠው። ሙጫው የሽፋሽፍት ነው። መብራቱ ሁለት ትልልቅ ሃሎጅን፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የቆሙ።

ላብራቶሪ፦
ቀናት ከሆነ ይሁን፣ ተስማምቻለሁ። እባጩ የግድ ከሆነ እንደ ፈንጣጣ አድርጉት። ፈንጣጣ ላይ እባጮቹ አንድ አካባቢ ሁሉም እኩል የበሰሉ ናቸው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው የደረቀ ሆኖ አይገኝም። ፊትና እጅ ላይ ይበዛሉ፣ ስለዚህ እጁንም እንዳትረሱ። ዓለም ከፈንጣጣ ነፃ መሆኗ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ዛሬ ሰብሳቢው ባያውቀው አይፈረድበትም።

መብራት ክፍል፦
ሃሎጅን? ችግራችሁ እዚያው ነው። ከሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። ኤልኢዲ ካለ ቀይሩት። ከሌለ መብራቱን አርቁት፤ ርቀቱን እጥፍ ስታደርጉት ፊቱ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ይሆናል፣ ሙቀቱም አብሮ ይቀንሳል። የጎደለውን ብርሃን ካሜራው ላይ አካክሱት፤ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 400 ላይ ከነበራችሁ 1600 ማለት ነው። ፎከስና ፍሬም ስታስተካክሉ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። ተዋናዩ የሚገባው «ካሜራ» ከመባሉ በፊት ብቻ ነው። ሰው እየተጠበቀ መብራት አይበራም።

ሜካፕ ክፍል፦
አሁን ገባኝ። በውሃ ብቻ የረጋ ጄላቲን ሠላሳ ዲግሪ ካለፈ መላላት ይጀምራል፤ የፊት ቆዳ ብቻውን ወደዚያ የተጠጋ ነው። ላብ ሲጨመርበት ደግሞ ከሥሩ ይሟሟል። የሽፋሽፍት ሙጫም ያን ክብደት አይችልም። ስለዚህ መልሳችሁ አትለጥፉት፣ ጊዜ ነው የምትጨርሱት።

ለዛሬ ማታ ጄላቲኑን ተዉትና ያላችሁን ሙጫ ተጠቀሙ። ልጁን መጀመሪያ ላቴክስ (የጎማ ዓይነት ነገር ነው) የማይስማማው እንደሆነ ጠይቁት፤ ብዙ የሽፋሽፍት ሙጫ ላቴክስ አለበት። ክንዱ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ ጠብቁ፤ ካሳከከው ወይም ከቀላ እንዳትነኩት፣ በቀለም ብቻ ጨርሱ። ምንም ካላለው ፊቱን አጥቡና አድርቁ፣ ቅንድቡንና የጢሙን ሥር ቫዝሊን ቀቡለት፣ አለበለዚያ ፀጉሩ አብሮ ይነቀላል። ከጥጥ የምስር ፍሬ የምታህል አድቦልብላችሁ በሙጫ አስቀምጡ። ላዩን ሶፍት ሸፍኑት፣ ግን ሶፍቱ በመቀስ አይቆረጥ፣ በእጅ ይቀደድ፤ የተቀደደው ጫፍ ቆዳው ላይ ይጠፋል፣ የተቆረጠው እንደ ፕላስተር ያስታውቃል። እንደገና ሙጫ፣ ቀዝቃዛ አየር፣ እንደገና ሶፍት። ሁለት ሦስት ድርብ ይበቃል። ሲደርቅ ፋውንዴሽን፣ ዙሪያው ቀይ፣ አናቱ ላይ ቢጫ ቢጤ፣ በመጨረሻ ነጥብ ቫዝሊን። ቫዝሊኗ መብራት ስትይዝ መግል የቋጠረ ይመስላል። ይሄ አይቀልጥም።

ለሌላ ቀን ጄላቲን ስትሠሩ ጄላቲን፣ ግሊሰሪንና ውሃ እኩል እኩል ይሁን። ሳህን ላይ አፍስሳችሁ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ከእሳት እንደወጣ ፊት ላይ አይደረግም። ማጣበቂያውም ለቆዳ የተሠራ የሜካፕ ሙጫ ይሁን።

የመድረክ ልጅ፦
ከሙጫው በኋላ ፓውደር እንዳይረሳ፣ አለበለዚያ ያብለጨልጫል።

ሜካፕ ክፍል፦
እሱ ልክ ነው። ከፋውንዴሽኑ በኋላ፣ ከቫዝሊኑ በፊት።

ስክሪፕት ያዥ፦
አዲሶቹን ከመለጠፋችሁ በፊት ዛሬ የተቀረጸውን አይታችሁ የእባጮቹን ቦታ ፎቶ አንሱ። ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ግራ ጉንጭ ላይ የነበረው በሚቀጥለው ሾት ቀኝ ጉንጭ ላይ ከተገኘ ተመልካቹ በማይሳቅበት ቦታ ይስቃል። የወደቀውን የምትጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ ከዚያ በኋላ ባለው ትዕይንት ሁሉ ያ ቦታ ባዶ ቁስል መሆን አለበት።

ሞንታዥ፦
ጸሐፊዋ ጠፋችብን። እባጩ የወደቀበትን ቀረጻ አላጠፋችሁትም አይደል?

አቋራጭ፦
ስብሰባ ላይ ናት፣ አጀንዳው አላለቀም 😂 ለማንኛውም እኛም በሚቀጥለው ወር ተመሳሳይ ነገር ስለምንቀርጽ እኔም ልጠይቅ፣ ሜካፕ ክፍል፣ ሲያልቅ እንዴት ነው የሚነሳው?

ሜካፕ ክፍል፦
ሶፍቱንና የሽፋሽፍት ሙጫውን በሕፃናት ዘይት አርሱት፣ ትንሽ ይቆይ፣ ከዚያ ከጠርዙ ጀምራችሁ በጥጥ እያሻሻችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ካልለቀቀ ዘይት ጨምሩ እንጂ አትጎትቱ። ዓይን አካባቢ ያለውን ተዋናዩ ራሱ መስታወት ይዞ ያንሳው። የሜካፕ ሙጫ ከሆነ ግን እያንዳንዱ የራሱ ማስለቀቂያ አለውና ሙጫውን ስትገዙ አብራችሁ ያዙ። መጨረሻ ላይ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ ከዚያ ቅባት። በማግስቱ ቀረጻ ካለ እባጩን ከትናንቱ ቦታ ትንሽ ፈቀቅ አድርጋችሁ መለጠፍ ያምራችኋል፣ ቆዳው ስለሚቀላ፤ ስክሪፕት ያዥ ስለማይፈቅድላችሁ ማታውኑ በቅባት ተንከባከቡት።

ስክሪፕት ያዥ፦
በፍጹም አልፈቅድም።