የስፓኒሽ ግስ ከየትኛው መስተዋድድ ጋር ይሄዳል?

የጣና አስጎብኚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ፤ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት እወስዳለሁ። ስፓኒሽ መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ግሱን አውቀዋለሁ፤ የሚያስቸግረኝ ከኋላው የሚመጣው ትንሽዬ ቃል ነው፦ «አ»፣ «ዴ»፣ «ኤን»፣ «ኮን»።

ባለፈው ሳምንት ስለ ፔድሮ ፓኤዝ እያስረዳሁ ነበር። በ1618 እ.ኤ.አ. የዓባይን ምንጭ ግሽ ላይ ያየው፣ በ1622 ጎርጎራ ያረፈው ስፔናዊ ሚሲዮናዊ። ስሙን ሲሰሙ ስፔኖቹ ጆሯቸውን ያቆማሉ። እኔም «ፓኤዝ ዬጎ ጎርጎራ» አልኩ። በአማርኛ «ጎርጎራ ደረሰ» ነዋ የምንለው፤ መሃል ምንም የለም። አንዲት እናት ቀስ ብለው «ዬጎ አ ጎርጎራ» አሉኝ። ስንት ሰዓት እንደምንመለስ ሲጠይቁኝ ደግሞ «በነፋሱ ይወሰናል» ለማለት «ዴፔንዴ ኤን ኤል ቢየንቶ» አልኩ። ለካ «ዴል ቢየንቶ» ነው፤ «ዴ» እና «ኤል» ተጣምረው!

ዝርዝሩን ሸምድጄ ነበር፤ በማግስቱ ይጠፋል። እናንተ እንዴት ያዛችሁት?

የኩባ ተማሪ፦
ልጄ፣ እኔ በደርግ ጊዜ በልጅነታቸው ኩባ ከተላኩት አንዱ ነኝ፤ ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ የምትባል ደሴት ላይ ነው የተማርኩት። ደብተርህ ላይ «ፔንሳር» (ማሰብ) ብለህ ለብቻው አትጻፍ። «ፔንሳር ኤን» ብለህ እንደ አንድ ቃል ያዘው። ከዚያ የራስህን ኑሮ አስገባበት። እኔ ማታ ማታ እናቴ ትናፍቀኝ ነበር፤ «ፒየንሶ ኤን ሚ ማድሬ» እያልኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ስለ እናቴ አስባለሁ ማለት ነው። በህልሜ ያየኋት ለት «ሶኜ ኮን ሚ ማድሬ»። እኛ ሰውን በህልም እናያለን፤ እነሱ ከሰው ጋር ያልማሉ። ይህችን እስከ ዛሬ እወዳታለሁ።

«ፔንሳር ዴ»ም አለ፤ እሱ አስተያየት ስትጠይቅ ነው። «ኬ ፒየንሳን ዴል ላጎ?» በላቸው፤ ሐይቁን እንዴት አያችሁት?

ጎንደሬዋ፦
«ን» ባየህ ቁጥር «አ» እንዳታስገባ። እኛ «ሐይቁን አየሁ»፣ «እህቴን አየሁ» እንላለን። ስፓኒሽ ግን «አ» የሚጨምረው ለሰው ነው፦ «ቢ ኤል ላጎ»፣ «ቢ አ ሚ ኤርማና»። «አገባ» ላይም ተጠንቀቅ። እኛ «እሷን አገባ»፣ እነሱ «ሴ ካሶ ኮን ኤያ»።

የጣና አስጎብኚ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ደብተሬን ዛሬውኑ እንደ አዲስ ጀመርኩ፤ የመጀመሪያው ገጽ «ዬጋር አ» ነው። እህቴ፣ ጉማሬስ? ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጋ ሁሌ ነው የምናሳያቸው።

ጎንደሬዋ፦
ጉማሬ ያለ «አ» ነው፦ «ቢ ኡን ኢፖፖታሞ»። የቤትህ ውሻ ከሆነ ግን እንደ ሰው ይታያል፦ «ቢ አ ሚ ፔሮ»።