ሰው ልጅ የቀነሰው በፖሊሲ ነው ወይስ በኑሮ?

የሳቢያኑ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። እናቴ ስምንት ወልዳለች፣ እህቴ ሁለት ላይ "በቃኝ" አለች። በርጫ ላይ ተነስቶ ስንከራከር አመሸን። አንዱ "የመንግሥት ፖሊሲ ነው" ብሎ ድርቅ አለ፤ እኔ ኑሮ ነው ባይ ነኝ። እውነት ፖሊሲ የሰውን የልጅ ቁጥር ይቀንሳል?

ጤና ኬላ፦
ወረቀቱ ብቻውን አይቀንስም። የሥነ ሕዝብ ፖሊሲው የወጣው በ1985 ነው፤ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደውን ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ። በ1992ቱ የጤና ጥናት ግን ዘመናዊ የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙት ያገቡ ሴቶች ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ። በ1995 የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ነው ነገሩ የተለወጠው፤ በ2008 ከመቶ 35 ደረሰ። እኛ ጋ የምትመጣው ሴት ልጇን ለማስከተብ ብላ ትወጣለች፣ በዚያው የሦስት ወሩን መርፌ ተወግታ ትመለሳለች፣ ካርዷንም "እዚሁ ይቀመጥልኝ" ትላለች። ክኒን ቢሆን ባልየው ያገኘዋል። መርፌውን ማን ያያል?

ከዚራ፦
አቦ ተዪን! ፖሊሲው ለሁሉም አንድ አይደል? የ2008ቱን ጥናት እዪው፣ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው፦ አዲስ አበባ 1.8፣ ድሬ 3.1፣ ሐረሪ 4.1፣ ሶማሌ ክልል 7.2። የሶማሌ ክልሏ ሽንሌ እኮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ልዩነቱ የሴቶች ትምህርትና ኪራይ ነው። ሦስት ልጅ ይዘህ አንድ ክፍል ጠይቅ፣ የአከራዩን ፊት ታያለህ። ከመንግሥት ሥራ ሠራ የምለው የ1992ቱን የቤተሰብ ሕግ ነው፣ የሴት ልጅ ጋብቻ ከ15 ወደ 18 ከፍ ያለበት፤ እሱም በተከበረበት ቦታ።

መጋላ፦
በግድ ከሆነማ ተሞክሯል። ሮማኒያ እ.ኤ.አ. በ1966 ውርጃ ስትከለክል በዓመቱ ቁጥሩ ከ1.9 ወደ 3.7 ዘለለ፣ ከዚያ ሰዉ በድብቅ መንገዱን አገኘና ተመልሶ ወረደ፤ ብዙ እናቶች ግን በዚሁ አለቁ። ቻይናም "አንድ ልጅ" ከማለቷ በፊት ነው ዋናው ቅነሳ የመጣው። ኢራን እ.ኤ.አ. በ1989 በነፃ መከላከያ ማደል ስትጀምር ግን፣ ሴቶቹም እየተማሩ ስለነበር፣ ከአስር ዓመት ብዙም ሳይበልጥ ወደ 2 ወረደ።

ጤና ኬላ፦
@ከዚራ ኪራዩ እንዲተዉ ያደርጋል እሺ፣ መርፌው ባይኖር በምን ይተዉታል? እናቶቻችንም እኮ ስምንቱንም ፈልገው አልወለዱም። ሽንሌ ላይ ልክ ነህ፤ መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚጠይቅ የለም።